ጋሽ ወርዶፋ የሞተ ጊዜ

ጠዋት ስነሳ ጉትቻዬ ከእኔ ቀድሞ ነቅቷል። «እንደምን አደርሽ ትርንጎ፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ የደም ግፊትሽ ደህና ነው፤ ባልሽ ስለ ጉልበቱ ሊነግርሽ ነው» ይለኛል። ባሌ አፉን ይከፍታል፤ እውነትም ስለ ጉልበቱ ነው። ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ስለሰማሁት እሱን አልሰማውም። እሱም እኔን አይሰማኝም፤ ሽንኩርት ማለቁን ልነግረው እንደሆነ የእሱ ጉትቻ ነግሮታል። እንዲህ ሆነን ስንኖር ተጣልተን አናውቅም። በእኛ ሕንጻ የተጣላ ባልና ሚስት አልነበረም።

ጉትቻ ያልነው እኛ ነን። የመንግሥት ስሙ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራውም። ምስር የምታህል ነገር ናት፤ ከጆሮ ጫፍ ላይ ትንጠለጠላለች። የመድኃኒት ጠርሙስ ጽሑፍ የለበትም፣ ነጭ ነው፤ ምን እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ ጉትቻው ይናገራል። አውቶቡሱ ነጭ ነው። የሱቁ ግንባር ነጭ ነው። መቃብር ቦታም ድንጋዩ ሁሉ ነጭ ነው፤ አጠገቡ ሲቆሙ ማን እንደተኛ ሹክ ይላል። ጽሑፍን ማንም አልከለከለም። ይህን ለይቼ መናገር እፈልጋለሁ፤ ያሁን ልጆች በጉልበት የተነጠቅን ይመስላቸዋል። ማንም አልነጠቀንም። ድካም ሆነብንና ተውነው።

ትምህርት ቤታችን ፊደል ማስተማር ያቆመው እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሰሌዳውን ነቅለው ወሰዱት፤ ግድግዳው ላይ ንጹሕ አራት ማዕዘን ቀረ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ቀረሁ። የማውቀው ፊደል ያኔ የያዝኩትን ነው።

ሥራዬ የጫፍ ሰፈር እድርን ዕቃ መጠበቅ ነው፤ ድንኳኑን፣ ፍራሹን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን። ሰው ሲሞት አወጣለሁ፤ ሐዘኑ ሲያልቅ አጥቤ እመልሳለሁ።

እድራችን አንድ ደንብ አለው። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ጉትቻውን አውልቆ በር ላይ ባለው ቅርጫት ያስቀምጣል። ደንቡ የመጣው በብዙነሽ ነው። ብዙነሽ ጎረቤቴ ናት፤ ምላሷን ሰው ሁሉ ይፈራዋል። ባሏ ታፈረ የሞተ ዕለት ሰው ተራ በተራ ገብቶ እጇን እየያዘ «ታፈረ በልባችን ውስጥ ለዘላለም ይኖራል» አላት። ሁሉም ያንኑ። ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ ትንፋሽ እየሳበ። ብዙነሽ መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ ዝም አለች። ከዚያ ሰዉን አየት አየት ማድረግ ጀመረች። አንዱ ገብቶ «ታፈረ በልባችን ውስጥ» ሲል «ለዘላለም ይኖራል» ብላ ጨረሰችለትና ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች።

«ከልባችሁ አውጡትና መልሱልኝ» አለች። «አሁን ውጡ።»

ድንኳኑ ባዶ ሆነ። ሊቀመንበራችን አቶ ገረመው ስብሰባ ጠርተው ደንቡን አወጡ፤ ወረዳውም ለሐዘን ሦስት ቀን ብሎ ፈቀደ። ከዚያ ውጪ ጉትቻ ማውለቅ አይሆንም። ያወለቀ ሰው የገዛ ቤቱ በር አይከፈትለትም፤ ቧንቧውም አያውቀውም።

ደንቡ ሲወጣ ያላሰብነው ነገር ነበር። ሰው ጉትቻውን አውልቆ ሲገባ የሚናገረው ጠፋው። ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ጉልበቱን ያያል። «እ…» ይልና ይተወዋል። ካርታ የሚጫወቱት ወንዶችም ማን እንደበላ የሚነግራቸው ጉትቻው ስለነበር ካርታቸውን ይዘው ተፋጠጡ። ሦስት ቀን ሙሉ የብርጭቆ ድምፅ ብቻ። ሐዘንተኛዋ ራሷ «ምነው ሰው በተናገረ» ትላለች፤ እሷም ከዚያ ወዲያ አትቀጥልም።

መጽሐፉን ያገኘሁት ከረጅሙ አግዳሚ እግር ሥር ነው። አግዳሚው ስለሚወዛወዝ ከእኔ በፊት የነበረችው ዕቃ ጠባቂ ሸጉጣበት ኖሯል። ሽፋን የለውም። ስሙንም የጻፈውንም ሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ለቅሶ ላይ ዝምታው ደረቴን ሲጫነኝ ብድግ ብዬ አመጣሁትና ጣቴን ከፊደሉ ሥር እየጎተትኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «አ… አዋጁ… የወጣው… በክ… በክረምት ነው።»

«ትርንጎ» አለች ብዙነሽ፣ «ስትወልጂ ጥሪን።»

ሰው ሳቀ። በለቅሶ ቤት ከስንት ጊዜ በኋላ የተሰማ ሳቅ ነው። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ቀጠልኩ። አዋጁ የከተማው መስኮት ሁሉ በጡብ ይደፈን ይላል። በመስኮቱ ፋንታ ለየቤቱ ሥዕል ታደለ፤ ሰማይ ያለበት ሥዕል። ሰው ሥዕሉን ወደደው፤ ዝናብ አያስገባም። የጥግ ቤቷ ሴትዮ ግን አንድ ቀን ሥዕሉን ከግድግዳው አወረደችና ጡቡን በማንኪያ መፋቅ ጀመረች። ፍርፋሪውን በኪሷ እየያዘች ትወጣለች፤ ገበያ መንገድ ላይ በትናው ትመለሳለች። ሌላ ታሪክ የለውም። አንዲት ሴትዮ ግድግዳ ትፍቃለች።

ግን ሰዉን ያዘው። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ያቺ የማንኪያውን ድምፅ የሰማችው ጎረቤቷ ትነግርባት ይሆን?» መባባል መጣ። አንዱ ትነግርባታለች፣ ሌላው አትነግርባትም ይላል። መጽሐፉ ሲነበብ ቅርጫት ውስጥ ስለሚሆን ጉትቻው ይህን ወሬ አያውቀውም፤ ፍሬ ነገር አላገኘለትም። እኔም አንድ ጠዋት ባሌ ስለ ጉልበቱ ሲጀምር እንደ መጽሐፉ ልስማው ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ለካ ጉልበቱ መነሻው ነው። እናቱ የሚኖሩት ላይኛው ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ደረጃው ካቃተው ሳያያቸው ሊሞቱበት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን ነበር የሚነግረኝ።

ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ሲሆን ከዚህ ቀደም ሟቹን የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ይመጡ ጀመር። የማይሆን ነገርም መጣ። ትንሽ የሳለ ሰው ካለ ሰፈሩ ይጠይቀዋል፤ ጥያቄው ግን ልክ አይደለም፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ ነው። ጋሽ ወርዶፋ ሰማንያን ያለፈ ጡረተኛ የክሬን ነጂ ነው። «እንዴት አደርክ ጋሼ?» ሲሉት «ደህና ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» ይላቸው ነበር።

መስከረም ላይ ኪሩቤል መጣ። ኪሩቤል በወረዳው ጉትቻን የሚመለከተው ክፍል ተጠሪ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፉ ነው ብዬ ልዋሽበት አልችልም። አቶ ገረመው ቤት ቁጭ ብሎ ከኅዳር ጀምሮ አዲሱ ጉትቻ እንደሚመጣ ነገረን። አዲሱ ከቆዳ ሥር ነው የሚገባው። አይወልቅም። ስለማይወልቅም የለቅሶ ፈቃዱ ይቀራል።

«መቃወም አይቻልም?» አሉ አቶ ገረመው።

«ይቻላል። ከእድርተኛው የሚበዛው ያለ ጉትቻ ይሰበሰብና እያንዳንዱ ለምን እንደማይፈልግ በገዛ ቃሉ ይናገራል። ሌላው ያለውን የደገመ አይቆጠርም።»

«የተሳካለት እድር አለ?»

ኪሩቤል መሬት መሬት አየ። «የሞከሩ አሉ። የመጀመሪያው ሰው አንፈልግም ይላል። ሁለተኛውም አንፈልግም ይላል። ሦስተኛውም። ሌላ ቃል አይመጣላቸውም።» ይህን ሲል አልሳቀብንም። ያዘነ ነው የሚመስለው።

ያለ ጉትቻ የምንሰበሰበው ለቅሶ ሲኖር ነው፤ ጉትቻ አድርገን ካነበብን ደግሞ ፍሬ ነገሩን ቀድሞ ይነግረናል። መጽሐፉም ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። መስከረም አለፈ፤ ማንም አልሞተም። ጥቅምት ገባ፤ ማንም አልሞተም። እንዲህ ያለ ጤነኛ ጥቅምት አይቼ አላውቅም። ባልቴቶቹ ሳይቀሩ ፊታቸው ወዝቶ ነበር። አዲሱን ጉትቻ ካስገቡልን ያ መጽሐፍ ተመልሶ የወንበር እግር ሥር ነው የሚገባው፤ ያገኘነው ወሬ ሁሉ አብሮት ይገባል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ወርዶፋ ዕቃ ቤት መጣ። እኔ ብርጭቆ እወለውላለሁ።

«ትርንጎ፣ የቀረው ስንት ቀን ያስነብባል?»

«ሦስት ቀን ቢበቃው ነው።»

«እንግዲያው እኔ ልሙት።»

«ምን ሆንክ ጋሼ?»

«ምንም። ለሦስት ቀን ልሙትና ይለቅ። እኔ የምር የሞትኩ ቀን እናንተ ድንኳን ተክላችሁ የሴትዮዋን መጨረሻ ልትሰሙ፣ እኔ ብቻዬን ሳልሰማ ልቀር? በገዛ ለቅሶዬ? ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ሚስቱን እትዬ ሽብሬን ጠራናት። ነገሩን ሰማችና በሩን ተደግፋ ቆመች። «ማልቀስ አልችልም» አለች። «ሃምሳ ዓመት ሲያስቀኝ የኖረ ሰውዬ ነው።»

«ነጠላሽን ተከናንበሽ ሳቂ» አልኳት። «ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ ልቅሶ ነው የሚመስለው።»

ጋሽ ወርዶፋ ጉትቻውን አውልቆ ትልቁ ድስት ውስጥ ጣለና ክዳኑን ገጠመው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ጉትቻው የሰውዬው ገላ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ብርጭቆዬን ወልውዬ ሳልጨርስ ጉትቻዬ «ወርዶፋ ሂርጳ አርፏል፤ ብርታቱን ይስጥሽ» አለኝ። ጋሽ ወርዶፋ ፊት ለፊቴ ቆሞ ጺሙን ያሻሻል።

ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳን ተተከለ። ቀብሩ ወንድሙ ከሩቅ እስኪመጣ ይቆያል አልን። ሟቹን ድንኳኑ ጀርባ፣ ወጥ የሚወጠወጥበት ቦታ፣ ከመጋረጃ ኋላ ፍራሽ አንጥፌ አስቀመጥኩት። ያወቀ አወቀ፤ ያላወቀ ከልቡ አለቀሰ። አቶ ገረመው ካላወቁት ናቸው። ለእሳቸው መንገር አልደፈርንም፤ ሕግ ይወዳሉ።

የመጀመሪያው ቀን ሰላም ዋለ። በሁለተኛው ቀን ሴትዮዋ ፍርፋሪውን በኪሷ ይዛ ስትወጣ አንድ ዘበኛ መንገድ ላይ አስቁሟት «ኪስሽ ውስጥ ምን አለ?» የሚላት ቦታ ደረስኩ። ጉሮሮዬ ደርቆ ውኃ ልጠጣ አቆምኩ።

«አገኘባት?» አለ አንድ ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ።

አቶ ገረመው ቀና አሉ። «ይሄ የወርዶፋ ድምፅ ነው።»

«ነፍሱ ነች» አለች እትዬ ሽብሬ ከነጠላዋ ውስጥ። «አንብቢ ትርንጎ።»

አቶ ገረመው ሽብሬን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ። «ነፍስ ከሆነች አታስጠብቂያት» አሉኝ።

አላገኘባትም። ኪሷ ቀዳዳ ኖሯል፤ ፍርፋሪው መንገድ ለመንገድ ፈስሶ አልቋል። ድንኳኑ እንደ ሠርግ ቤት ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ድምፄ ተዘጋ። አፌን ብከፍት አየር ብቻ ነው የሚወጣው። የቀረው ጥቂት ገጽ ነው፤ ለኅዳርም የቀረው ጥቂት ቀን። ሰው ያየኛል። መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አምጪው» አለች ብዙነሽ። «የተቀደደ ከበሮ ሆነሻል።»

ከእጄ ወሰደችው። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አደረገች። «በ… በማ… በማግሥቱ» አለች። ብዙነሽ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። በየለቅሶው አጠገቤ ተቀምጣ ስትሰድበኝ ዓይኗ ጣቴ ላይ ነበር። ላንቺ ስትወልጂ ጥሪን የሚል ሰው የለም ልላት ፈልጌ ድምፅ አጣሁ።

ልታገባድደው ስትል ኪሩቤል መጣ። ሐዘን ሊደርስ ነው የመጣው። የሥራ ሰዓት ስለሆነ ጉትቻውን አላወለቀም፤ በሩ ላይ ቆመ። ጥቂት መስመር ሰማ። ጉትቻው የቀረውን ነገረው መሰለኝ ፊቱ ሐዘን ለበሰ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ አይድከሙ» አለ በትሕትና። «ሴትዮዋ ትያዛለች። ግድግዳውም ይደፈናል። የተስፋ መቁረጥ ታሪክ ነው።»

«ምነው ምላስህን ቁርጥ ባደረገው!» አለ ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ።

መጋረጃው ተገፈተረና ጋሽ ወርዶፋ በጋቢ ወጣ። ከልቡ ሲያለቅስ የሰነበተ አንድ ጎረቤት ከፍራሹ ወደቀ። ኪሩቤል ጆሮውን ያዘ።

«ጉትቻዬ… ሞተዋል ነው የሚለኝ።»

«ፍሬ ነገሩን ነው የነገረህ» አለው ጋሽ ወርዶፋ።

ኪሩቤል እኛን አየን፤ ገባው። «ይህ ለቅሶ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ፈቃዱ አይሸፍናችሁም። ድንኳኑን ማፍረስ አለባችሁ።»

«ይፈርሳል» አለች ብዙነሽ። «አንድ ገጽ ነው የቀረኝ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። ብዙነሽ ቀጠለች፣ እየተሰናከለች፣ እየተመለሰች። ኪሩቤል አልዋሸም፤ ሴትዮዋ ተያዘች። ማንኪያዋን ቀሟት። ጡቡን ደፈኑት፤ ሥዕሉን መልሰው ሰቀሉት። እትዬ ሽብሬ አሁን የምር ታለቅሳለች። ከዚያ ብዙነሽ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አነበበች፦ «ዘበኛው በሩን ቆልፎ ወደ መንገዱ ወጣ። ዝናቡ አባርቷል። አንድ ድምፅ ሰማ፤ አይጥ መሰለው። ቆሞ አዳመጠ። ከቀኝ ቤት ነው። ከግራም ነው። ከላይም ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር፣ በየግድግዳው ውስጥ፣ ማንኪያ ይፍቅ ነበር።»

መጽሐፉ አለቀ።

«ይህን አልነገረኝም» አለ ኪሩቤል።

አቶ ገረመው ተነሱ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው እንዲያ ቀጥ ብለው የቆሙት። «አቶ ኪሩቤል፣ እድርተኛው እንዳለ እዚህ ነው። ጉትቻችን እዚያ ቅርጫት ውስጥ ነው። ለቅሶ ባይሆን ስብሰባ ነው። መዝግብ።»

እውነቴን ነው፣ ይህን ቀድመን አላሰብነውም። የመጣነው የሴትዮዋን መጨረሻ ልንሰማ ነው።

ኪሩቤል ሊመዘግብ ተዘጋጀ። አቶ ገረመው «አንፈልግም» አሉ። ቀጥሎ አንድ ወጣት ተነሳ። አፉን ከፈተ። «አንፈልግም» አለ።

«አይቆጠርም» አለ ኪሩቤል።

ወጣቱ ግን አልተቀመጠም። ጉልበቱን አየ፣ ጣራውን አየ። «እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ» አለ። «ታጠፍ ሲለኝ እታጠፋለሁ። ስንት ዓመት ነድቼ ሰፈሩን አላውቀውም። ሴትዮዋ መንገዱን ስታውቀው ቀናሁባት።»

«ተቆጥሯል» አለ ኪሩቤል።

ከዚያ እንደ ጎርፍ መጣ። እትዬ ሽብሬ «ባሌ ቀልዱን ሳይጨርስ ጉትቻው ቀልድ ሊነግርሽ ነው ይለኛል፤ ሃምሳ ዓመት የሳቅኩት በፍሬ ነገሩ አይደለም» አለች። ባሌ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። «ሚስቴ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ» አለ። «ሁለተኛ ቀን እፈልጋለሁ።» ብዙነሽ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ «ባሌ ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ አንድ ሰው ሆኖ ነው የመጣብኝ» አለች። «ዛሬ ብዙ ሰው አያለሁ። እኔም ስሞት እንዲህ ሆናችሁ ኑልኝ።»

«የሞተ ሰው ይቆጠራል?» አለ ጋሽ ወርዶፋ።

«አይመስለኝም።»

«ተነስቷል ብለህ መዝግባ።»

እኔ ጋ ሲደርስ ድምፅ የለኝም። ኪሩቤል መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ፤ ጆሮውን አፌ ጋ አደረገ። እንዲህ አልኩት፦ «ይህን የጻፈው ሰው እኛን አያውቀንም። እንዲህ ሊመጣብን እንደሚችል ግን ታይቶታል። ጨለማውን የጻፈው ልንፈራ አይደለም፤ ግድግዳው የቱ ጋ እንደሚፋቅ ሊያሳየን ነው። ያን ደግሞ ፍሬ ነገሩ አይነግርህም። አብረህ መፋቅ አለብህ።»

ኪሩቤል ተነሳ። «ጉትቻዬ ሁላችሁም ያላችሁትን በአንድ ቃል አጠቃሎልኛል» አለ። «አይፈልጉም፣ ይላል።» አወለቀውና ሄዶ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለው። ተመልሶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። «ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ። በጆሮዬ ልስማው።»

ጀመርንለት። ሁለተኛው ዙር ላይ ሰው ንግግሩን የበለጠ አሳመረው።

ተቃውሟችን ጸደቀ። አዲሱ ጉትቻ በእኛ ሰፈር አልገባም። ወሬው ሲሰማ ከሌሎች እድሮች «መጽሐፉን አውሱን» እያሉ መጡ፤ አላዋስናቸውም፤ መጥታችሁ ስሙ አልናቸው። መጡ። አሁን እነሱም የየራሳቸውን አግዳሚ እግር ሥር ፈልገው አግኝተዋል። ሥዕል ያለበት፣ የምግብ አሠራር፣ የመኪና ጥገና፣ የተረት፤ የተገኘው ሁሉ ይነበባል። ብዙነሽ ዕቃ ቤቴ ውስጥ ለጎልማሶች ፊደል ታስቆጥራለች፤ ስድቡ አልቀረም። የታፈረ መቃብር ላይ ስሙን ራሷ ቀርጻበታለች። ከዚያ ነጭ ሜዳ ውስጥ ከሩቅ ይታያል። አሁን ሌሎችም እየቀረጹ ነው።

ፈቃዱ አሁንም ሦስት ቀን ነው፤ ለሐዘን ብቻ ነው። በሕጉ የሚለወጥ ነገር ከመጣ ግን ኪሩቤል አስቀድሞ ይነግረናል፤ እሱም አሁን እድርተኛችን ነው።

ዛሬ ጠዋት ጡሩምባ ሰማሁ። ባሌ ስለ ጉልበቱ ሲያወራ ነበር፤ እስኪጨርስ ጠብቄው ወጣሁ። እትዬ ሽብሬ ነጠላዋን ተከናንባ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ምነው?» አልኳት።

«ጋሽ ወርዶፋሽ» አለች። «ዘንድሮም ሞተ።»

«የዘንድሮው መጽሐፍ ወፍራም ነው» አልኳት። «ሦስት ቀን አይበቃውም።»

«ነግሬዋለሁ» አለች። «ባይበቃ እኔም እከተለዋለሁ።»

ድንኳኑን ላወጣ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ።